ጥቁሩ ወፍ አዲስ አይደለም፦ «የጣና አዲስ እንግዶች» ለተባለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«የጣና አዲስ እንግዶች» በሚል ርእስ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ በደስታ፣ ቀጥሎ እርሳስ ይዤ። ደስታዬ ከልብ ነበር። ስለ ጣና ገዳማት፣ ስለ ጣና ዓሣ፣ ስለ እምቦጭ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሐይቁ ወፎች በአማርኛ የተጻፈ ነገር ግን ስንፈልግ ውለን የምናገኘው ጥቂት ነው። ጸሐፊው ማለዳ ተነሥተው፣ ወደ ሐይቁ ወርደው፣ ያዩትን ለሌላው ለማካፈል መድከማቸው ምስጋና ይገባዋል። እርሳስ ያስያዘኝ ካዩት ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ ነው። አንዳንዱ ስህተት ለወፎቹ የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። በመጋቢትና በሚያዝያ በባሕር ዳር ዳርቻና በፎገራ ሜዳ ያልተለመዱ ወፎች ታይተዋል ይላል። እነዚህ ወፎች ፀደይን ተከትለው ከአውሮፓ ገና የመጡ ናቸው፤ ከመካከላቸውም «እስከ ዛሬ ማንም አይቶት የማያውቅ ጥቁር የሐይቅ ወፍ» አለ፤ መምጣታቸው ጣና ከእምቦጭ ለመፈወሱ ማስረጃ ነው፤ እግሩ ላይ ቀለበት ወይም መሣሪያ ያለበት ወፍ አጠራጣሪ ስለሆነ ተይዞ ለሚመለከተው አካል ይሰጥ፤ ሰብል የሚያጠፉትንም ገበሬው በጅራፍና በወንጭፍ ያባርራቸው ይላል። መጨረሻ ላይ፣ በአንዲት ዐረፍተ ነገር፣ በጭምባ ረግረግ ስለታዩ ሁለት ትልልቅ ወፎች ያነሣል። ወደዚያች ዐረፍተ ነገር እመለሳለሁ፤ ለእኔ ከጽሑፉ ሁሉ የምትበልጠው እርሷ ናት።

«መጡ» ከሚለው ቃል ልጀምር። በባሕረ ሐሳብ ቁጥር ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት ነው። በዚህ ጊዜ የአውሮፓ ወፍ ወደ እኛ አይመጣም፤ ከእኛ ይሄዳል። የሚመጡት የእኛ ክረምት ሲወጣ፣ ከመስከረም ወዲህ ነው። በጋውን ከእኛ ጋር ያሳልፉና የሰሜኑ በረዶ ሲቀልጥ እንቁላል ለመጣል ወደ ተፈለፈሉበት አገር ይመለሳሉ። ስለዚህ ጸሐፊው በመጋቢት መጨረሻ ያዩዋቸው ወፎች ከሁለት አንዱ ናቸው፦ ወይ ወራት ሙሉ እዚሁ ከርመው ስንቃቸውን የቋጠሩ ተነሺዎች ናቸው፣ ወይ ደግሞ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዚያም ወዲያ ተነሥተው መንገድ ላይ ያሉ አላፊዎች።

ይህ የቃላት ክርክር አይደለም። ገና የደረሰ እንግዳና ሊነሣ ያለ መንገደኛ የሚፈልጉት ነገር ይለያያል። ከጣና ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚበር ወፍ ከፊቱ የሚጠብቀው በረሃ ነው፤ ወይ የሱዳንና የግብፅ፣ ወይ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የዓረቢያ። ትንንሾቹ ወፎች ያን ለማቋረጥ ከቆዳቸው ሥር ስብ ያከማቻሉ፤ ከመነሣታቸው በፊት ባሉት ሳምንታት ክብደታቸውን ወደ እጥፍ የሚያደርሱ አሉ። ያ ስብ የሚገኘው እዚህ ነው፤ በደንገሉ መካከል ከሚርመሰመሰው ነፍሳት፣ ውኃው ከሸሸበት ጭቃ ውስጥ ካለው ትል። ቀኑን ሲባረር የዋለ ወፍ ያን ቀን ስንቁን አልያዘም።

እ.ኤ.አ. በ2011 በአፍሪካ ቀንድ ድርቁ በበረታበት ዓመት የሆነውን ላስታውስ። ጀርባው ቀይ ቡናማ የሆነ፣ ያደነውን ፌንጣ በእሾህ ላይ የሚሰካ አንድ ትንሽ ወፍ አለ፤ በእኛ የበልግ ወራት በአፍሪካ ቀንድ በኩል አድርጎ ወደ ሰሜን አውሮፓ ይመለሳል። የስካንዲኔቪያ ተመራማሪዎች ከእነዚህ ወፎች በጥቂቶቹ ጀርባ ላይ ቅንጣት የምታህል መከታተያ አስረው ነበር። በዚያ ዓመት ወፎቹ በአፍሪካ ቀንድ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ቆሙ፤ ስንቁ አልሞላ ብሏቸው ነበር። የመራቢያ ቦታቸውም ዘግይተው ደረሱ። እዚህ የጠፋው ፌንጣ እዚያ የጎጆውን ቀን አዘገየው። ጣናን እንደ ማለፊያ በር ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ጸሐፊው «በመስከረም ፈልጌ አላገኘኋቸውም፤ ስለዚህ አዲስ ናቸው» የሚል ክርክርም አላቸው። ሲሰሙት ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን የወፍ መንገድ እንደ አስፋልት በአንዱ መስመር ሄዶ በዚያው አይመለስም። ስቴፕ የተባለውን ትልቅ ንስር እንውሰድ። ከመካከለኛው እስያ ሲመጣ ዓረቢያን አቋርጦ በባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ ወደ ጅቡቲና ወደ እኛ ይገባል፤ ሲመለስ ግን ብዙው በስዊዝ በኩል ይዞራል። ቀይ ባሕርን በአንድ ዓመት ዙሪያውን ዞረው ማለት ነው። ከላይ ያነሣሁት ቀይ ጀርባ ወፍም ሲመጣ በምዕራብ በኩል፣ ሲመለስ በምሥራቅ በኩል ያልፋል። በአንድ ቦታ በመስከረም የማይታይ ወፍ በሚያዝያ ቢታይ መንገዱ እንዲያ ስለሆነ ነው። በዚህ በቀይ ባሕርና በስምጥ ሸለቆ መስመር በየዓመቱ ከ1.5 ሚሊዮን የሚበልጡ ንስሮች፣ ጭልፊቶች፣ ሽመላዎችና ሌሎች በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ትልልቅ ወፎች ይመላለሳሉ።

አሁን ወደ ጥቁሩ ወፍ።

ጸሐፊው የሳሉት ሥዕል ግልጽ ነው፤ እዚህ ላይ ዐይናቸውን አደንቃለሁ። «ርግብ የሚያህል፣ ቀጭን፣ ራሱና ደረቱ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ክንፉ ከላይ ነጣ ያለ፣ ጅራቱ ነጭ፣ እግሩ ቀይ፤ ከውኃው በላይ ዝቅ ብሎ እየበረረ ወለሉን በመንቆሩ ነካ ነካ ያደርጋል» ይላሉ። ከዚህ የተሻለ መግለጫ ከየት ይመጣል? ወፉ ተርን ከሚባሉት ወገን ነው፤ ነጭ ክንፍ ተርን ይሉታል። አዲስ ግን አይደለም። በጣና ላይ በጋውን ሙሉ ከሚታዩት ወፎች አንዱ ነው። በጥቅምትም በጥርም የባሕር ዳር ሰው ያየዋል፤ በዚያን ጊዜ ግን ነጭ ነው። ሆዱ ነጭ፣ ጀርባው አመድማ፣ ከጆሮው ላይ ጥቁር ነጥብ። መጋቢት ላይ ላባውን መቀየር ይጀምራል፤ በሚያዝያ ጥቁሩን ለብሶ ያበቃል። ይህ የሠርግ ልብሱ ነው። ለብሶት ወደ ምሥራቅ አውሮፓና ወደ እስያ ረግረጎች ይሄዳል፤ እዚያም ጎጆ ይሠራል።

እኔ ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ከዓመታት በፊት በአንድ የሚያዝያ ማለዳ፣ ወደ ደብረ ማርያም ደሴት በሚሻገሩበት በኩል፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ዳር ቆሜ ነበር። ጭጋጉ ገና አልተነሣም። ከደንገሉ ጫፍ ላይ ሃያ የሚሆኑ ወፎች እየተወረወሩ ይመላለሳሉ፤ ግማሾቹ ጥቁር፣ ግማሾቹ ነጭ። ባይኖኩላሬን አነሣሁ። በመካከል አንዱ ከፊቴ ዐሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ በተተከለች የመረብ እንጨት ላይ ዐረፈ። ደረቱ ነጭ መሬት ላይ ጥቁር ቀለም እንደተረጨበት ዝንጉርጉር ነበር፤ ከአገጩ ሥር የበቀሉት አዳዲስ ጥቁር ላባዎች ገና እርጥብ መስለው ያብረቀርቃሉ፤ ከክንፉ ሥር አንዲት አሮጌ ነጭ ላባ ተንጠልጥላ በነፋሱ ትወዛወዛለች። በመንቆሩ ጎተተና ነቀላት። ላባዋ ውኃው ላይ ወድቃ ከጅረቱ ጋር ወደ ድልድዩ ሄደች።

ታንኳቸውን የሚያስሩ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ነበሩ። «አባባ፣ ይህ ጥቁሩ ምን የሚሉት ወፍ ነው?» አልኳቸው። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ፣ «ልጄ፣ ያው ነጩ ነው እኮ። ፋሲካ ሲቃረብ ይጠቁራል። ከጠቆረ በኋላም ብዙ አይሰነብትም፤ ይሄዳል» አሉኝ። እንግዲህ «ማንም አይቶት የማያውቅ» የተባለውን ወፍ እኒህ ሰው ልብስ መለወጡንም፣ መሄጃ ቀኑንም ያውቁ ነበር። የማያውቁት እኛ ወረቀት ላይ የምንጽፈው ነን። ጸሐፊው «ማንም» ከማለታቸው በፊት ከታንኳ ቀዛፊዎቹና ከዓሣ አስጋሪዎቹ አንዱን ቢጠይቁ ኖሮ ጽሑፋቸው ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

«ረጅም መንቆር ያለው ቀይ የጭቃ ወፍ» የተባለውም ከዚህ የተለየ አይደለም። በበጋ አመድማ ሆኖ በጭቃው ላይ መንቆሩን እየሰካ የምናየው ጎድዊት ነው፤ ሊሄድ ሲል አንገቱና ደረቱ የሸክላ ቀለም ይይዛል። በዚህ ወቅት ለከተማው ሰው በቅርብ የሚታይበት ሌላ ምክንያትም አለ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሐይቁ ውኃ እየቀነሰ ይሄዳል። ጣና በጣም ጥልቅ ከሚባለው ቦታው ላይ እንኳ ከ15 ሜትር ስለማይበልጥ፣ ውኃው በትንሹ ሲወርድ ከዳሩ ሰፊ መሬት ይገለጣል። ገበሬው ባሕር ሸሽ የሚለው ይህን ነው። ወፎቹ ትል ፍለጋ ባሕር ሸሹን ተከትለው ይሰበሰባሉ፤ በጥር በደንገል ውስጥ ተበታትኖ የነበረው በሚያዝያ በአንድ ሜዳ ላይ በዐይናችን ፊት ይቆማል።

«በመዝገብ የሉም» ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። የውኃ ወፎች ዓለም አቀፍ ቆጠራ የሚካሄደው በፈረንጆቹ ጥር ነው። በአገራችንም ይህን ቆጠራ ለረጅም ጊዜ ሲመራ የቆየው እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው። ጥር የተመረጠው ወፎቹ በዚያ ወር ረግተው አንድ ቦታ ስለሚቀመጡ ነው። በሚያዝያ የሚያልፈው ወፍ በጥር ዝርዝር ላይ ባይገኝ ቆጣሪው በሚያዝያ ሐይቁ ዳር ስላልነበረ ነው። የጥርን መዝገብ ይዞ ስለ ሚያዝያ መፍረድ፣ በገና ዕለት የገባውን ቆጥሮ የጥምቀትን ሕዝብ ለመናገር መሞከር ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፤ ወደ እምቦጭ። «ወፎቹ ተመልሰዋል፤ ጣና ተፈውሷል» የምትለው ዐረፍተ ነገር ለብዙ አንባቢ የምሥራች ናት፤ እኔም እውነት ብትሆን ምን ነበረ ብያለሁ። ግን አይደለችም። አንደኛ፣ ወፎቹ አልተመለሱም፤ ከላይ እንዳልኩት እየሄዱ ነው። ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀው ይህ አረም በዋናነት የወረረው የሰሜንና የሰሜን ምሥራቅ ዳርቻውን፣ የደምቢያንና የፎገራን በኩል ነው። ጸሐፊው ወፎቹን ካዩባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ በደቡብ፣ በባሕር ዳር ዙሪያ ናቸው። በደቡብ በታየ ወፍ ስለ ሰሜኑ መመስከር አይቻልም።

ሦስተኛው ነጥብ ጠለቅ ያለ ነው። ወፍ መኖሩ ብቻውን የጤና ምልክት አይደለም፤ የትኛው ወፍ ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጣቶቹ እጅግ የረዘሙ፣ ግንባሩ ሰማያዊ የሆነ፣ ጃካና የሚባል ወፍ በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ እየተራመደ ይኖራል፤ የእምቦጭ ምንጣፍ ለእርሱ መንገድ ይሆነዋል። ሳቢሳዎችም በአረሙ ላይ ቆመው ሲያድኑ አይቻለሁ። በአንጻሩ ከሰሜን አውሮፓ የሚመጡት፣ ክሬን የሚባሉት ረጅም እግር ያላቸው ትልልቅ ግራጫ ወፎች ሌሊቱን የሚያሳልፉት ጥልቀት በሌለው ገላጣ ውኃ ውስጥ ቆመው ነው፤ ጅብና ቀበሮ እንዳይደርስባቸው። ያ ገላጣ ውኃ በአረም ሲሸፈን ማደሪያቸው ጠፋ ማለት ነው። በፎገራ ያሉት ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ሐይቅ መሰል ረግረጎች ደግሞ ከእምቦጩ በፊትም ውኃቸው በቦይና በፓምፕ እየተቀዳ ለእርሻ ሲውል በእጅጉ ጠበዋል። ስለዚህ ስለ ጣና ጤና ከወፍ ምስክርነት እንሻ ካልን መጠየቅ ያለብን ክሬኖቹን ነው። ምሽት ላይ የት ያድራሉ? ስንት ናቸው? አምና ባደሩበት አደሩ ወይ?

ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ተፈጥሮና የሰው ኑሮ ተጣጥመው የሚጠበቁበት ክልል፣ ሆኖ ሲመዘገብ እነዚህ ረግረጎች ከምክንያቶቹ ዋነኞቹ ነበሩ። «ተፈውሷል» የሚል ቃል በጋዜጣ ሲወጣ፣ ነገ በጎርጎራ በኩል አረም ለመንቀል የሚወርደውን ሰው እጅ ያላላል። ጸሐፊው ይህን አስበው እንዳልጻፉት አምናለሁ። ነገር ግን የተጻፈ ነገር የጸሐፊውን ሐሳብ ብቻ ይዞ አይቀርም፤ ያነበበው ሁሉ እንደ ፍላጎቱ ይተረጉመዋል።

ስለ ቀለበቱ። እዚህ ላይ ድምፄ ከፍ ቢል ይቅርታ ይደረግልኝ። ከጽሑፉ ጋር በወጣው ፎቶግራፍ አንድ ክሬን በሁለት እጅ ክንፉን ተጠፍሮ ይታያል፤ በእግሩ ላይ ባለቀለም ቀለበቶች አሉ። ከሥሩ «አጠራጣሪ መሣሪያ የያዘ ወፍ» ተብሎ ተጽፏል። እነዚያ ቀለበቶች የወፉ መታወቂያ ናቸው። በፊንላንድና በኢስቶኒያ ተመራማሪዎች የክሬን ጫጩቶችን ገና መብረር ሳይችሉ ይዘው ቀለበት ያስሩላቸዋል፤ ለአንዳንዶቹም በሳተላይት የሚከታተሉትን መሣሪያ ይጨምራሉ። ከእነዚያ ወፎች መካከል ወደ ኢትዮጵያ የመጡ መኖራቸው የታወቀውም በዚሁ መንገድ ነው። በየእግሩ ያለው የቀለም ቅደም ተከተል ለአንዱ ወፍ የተሰጠ፣ ለሌላ የማይደገም ስም ነው።

ወፍን በሰላይነት መጠርጠር ምን እንደሚያመጣ በግብፅ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በቄና ግዛት አንድ ሽመላ የመከታተያ መሣሪያ ይዞ በመገኘቱ ተይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰደ። መሣሪያው የምርምር መሆኑ ተጣርቶ ተለቀቀ፤ ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ግን ተይዞ መበላቱ ተዘገበ። ከአውሮፓ ተነሥቶ፣ ባሕርና በረሃ ተሻግሮ፣ ከሰው እጅ ሳይወጣ ቀረ። የእኛ አገር ሰው ወፍን እንዲህ አያደርግም ብዬ አስባለሁ፤ ነገር ግን «ያዙት» ተብሎ በጋዜጣ ከተነገረው ልጆች ይይዙታል። ክንፉ የተጠፈረ ክሬን ቢለቀቅ እንኳ ጡንቻው ተጎድቶ ላይበር ይችላል፤ በረጅም እግር ወፎች ላይ ይህ የታወቀ ችግር ነው።

ወፎች ወዴት እንደሚሄዱ ዓለም ያወቀበት ታሪክ ራሱ ከአፍሪካ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 በሰሜን ጀርመን አንድ ሽመላ አንገቱን የወጋው የአፍሪካ ጦር እንደተሰካበት ተገኘ። ከዚያ በፊት ሽመላዎች በብርዱ ወራት የት እንደሚገቡ ብዙ ዓይነት ግምት ይነገር ነበር፤ ውኃ ውስጥ ይተኛሉ የሚሉም ነበሩ። ያ ጦር መልሱን ይዞ መጣ። ወፉ ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1899 አንድ የዴንማርክ መምህር በወፎች እግር ላይ ቁጥርና አድራሻ የተጻፈበት ቀለበት ማሰር ሲጀምር፣ ወፉን ሳይገድሉ መንገዱን ማወቅ ተቻለ። ቀለበቱ ጦሩን ተክቶ ነው የመጣው።

ስለዚህ ቀለበት ያለው ወፍ ያየ ሰው አይያዘው። በርቀት ቆሞ የቀለሞቹን ቅደም ተከተል ከላይ ወደ ታች ይጻፍ፤ የግራውን ለብቻ፣ የቀኙን ለብቻ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ አብረውት የነበሩትን ብዛት ይጨምር። ስልኩ ካሜራ ካለው ያንሣ። ያን ወስዶ በአቅራቢያው ላለ ዩኒቨርሲቲ ወይም የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያ ቢሰጥ፣ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያን ጫጩት በእጁ ይዞ ቀለበት ያሰረለት ሰው ወፉ በሕይወት መኖሩን ያውቃል። ሞቶ የተገኘ ወፍን ደግሞ ማንም በባዶ እጁ አይንካ፤ የእንስሳት ሕክምና ባለሙያ ይጠራ።

ስለ ሰብሉ የተባለውን ግማሹን እቀበላለሁ። በፎገራና በደምቢያ ክሬኖች በአስር ሺዎች ይከርማሉ፤ ይህን ያህል ወፍ ሜዳ ላይ ሲወርድ ገበሬው ባይደነግጥ ነበር የሚገርመኝ። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሩዙ ሳይሰበሰብ፣ በቀሪው እርጥበት የተዘራው ሽምብራና ጓያ ገና ቡቃያ ሳለ የሚወርድ መንጋ ጉዳት ያደርሳል። ማማ ላይ ተቀምጦ ማሳውን የሚጠብቅ ልጅ የሚጮኸው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን የሚክድ የወፍ ወዳጅ የገበሬውን ጆሮ አያገኝም።

ግን ጸሐፊው አባርሩ ያሉት በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። በዚያን ጊዜ እህሉ ጎተራ ገብቷል። ክሬኖቹ የሚለቅሙት ከአጨዳና ከውቂያ የረገፈውን ነው፤ ከእርሱም ጋር ፌንጣና ትል። ብዙዎቹም በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ጉዟቸውን ይጀምራሉ። በመስኖ የለማ ማሳ ያለው ገበሬ ማሳውን ቢጠብቅ መብቱ ነው፤ በባዶ ቃርሚያ ላይ ያለን መንጋ በጅራፍ ማስነሣት ግን አንዲት ፍሬ አያድንም፤ የሚጎዳው ሊነሣ ያለውን መንገደኛ ነው። ሽመላዎችም የአንበጣ ቀንደኛ ጠላት መሆናቸውን በ2012 ዓ.ም አንበጣ ያየ ገበሬ አይዘነጋውም።

ሌላ አገር ይህን እንዴት እንደያዙት ማየት ይጠቅማል። በእስራኤል ሁላ ሸለቆ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ክሬኖች ይከርማሉ። ገበሬውና ተቆርቋሪው ለዓመታት ከተጣሉ በኋላ አንድ ቦታ ተለይቶ በቆሎ እንዲፈስላቸው ተስማሙ፤ ወፎቹ እዚያ ይሰበሰባሉ፣ የሌላው ማሳ ያርፋል፣ እነርሱን ለማየት የሚመጣው ጎብኚም ገንዘብ ያስገባል። በፎገራ ይህ እንዳለ ይሠራል አልልም፤ እዚህ የገበሬው ማሳ ጠባብ ነው፣ ለወፍ የሚፈስ በቆሎም ከማን ጎተራ እንደሚወጣ መታሰብ አለበት። ከገበሬው ጋር ተቀምጦ መነጋገር ግን ጅራፍ ከመስጠት ይሻላል።

አሁን ወደዚያች ዐረፍተ ነገር። ጸሐፊው በጽሑፋቸው መጨረሻ፣ «በጭምባ ረግረግም አንገታቸው ነጭ፣ ከአገጫቸው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለባቸው ሁለት ትልልቅ ወፎች ከሌሎቹ ተለይተው ሲሄዱ አይተናል» ብለው አለፉ። በማግስቱ ስለ ጥቁሩ ወፍ ሰው ሁሉ ሲያወራ፣ ስለ እነዚህ ሁለቱ የተናገረ አልሰማሁም።

ያዩት ትክክል ከሆነ እነዚያ ወፎች ዋትልድ ክሬን የሚባሉት ናቸው። ከአውሮፓ አልመጡም፤ የትም አይሄዱም። የእኛው ናቸው። በዓለም ላይ ያለው አብዛኛው ወገናቸው በዛምቢያና በዙሪያዋ ባሉ አገሮች ይኖራል፤ የኢትዮጵያዎቹ ከእነዚያ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ተነጥለው፣ ቁጥራቸው ተመናምኖ፣ በደጋው ረግረግ የቀሩ ናቸው። በዓለም አቀፉ መዝገብ ለአደጋ ከተጋለጡት ጋር ተመድበዋል። አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ይጥላሉ፤ ሁለት ቢፈለፈሉ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያድገው አንድ ነው። ጎጆአቸውን የሚሠሩት በረግረጉ መካከል ነው፤ ረግረጉ ሲታረስ ወይም ሣሩ ሲቃጠል ሌላ የሚሄዱበት የላቸውም። ጥቁሩ ወፍ በሚመጣው ጥቅምት ነጭ ሆኖ ይመለሳል። እነዚህ ሁለቱ ከጭምባ ከጠፉ የሚተካቸው ከሰሜን አይመጣም።

ስለዚህ ለጸሐፊው ጥያቄዬን በአክብሮት አቀርባለሁ። ቀኑ መቼ ነበር? ማለዳ ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ? በግልገል ዓባይ በኩል ነው ወይስ ወደ መንደሩ ጠጋ ብሎ? ሁለቱ ጎን ለጎን ነበር የሚሄዱት ወይስ ተራርቀው? በሣሩ ውስጥ ከኋላቸው የሚከተል፣ ቀለሙ ቡናማ የሆነ ትንሽ ሦስተኛ ነበር ወይ? አብሯቸው የነበረ ሰው ፎቶግራፍ አንሥቶ ከሆነ፣ ደብዛዛ ቢሆንም እንኳ ማየት እፈልጋለሁ።